ጥናት የደገፈው የሥነ ልቦና ሕክምና የትኛው ነው? ለይቶ ለማወቅና ለሌሎች ለማድረስ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

«ቴራፒ ይሠራል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ቅን ነው፤ ግን በጣም ሰፊ ነው። «መድኃኒት ይሠራል ወይ?» እንደ ማለት ነው። የትኛው መድኃኒት? ለየትኛው በሽታ? ከምን ጋር ሲነጻጸር? ለሥነ ልቦና ሕክምናም መጠየቅ ያለባቸው እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

በድባቴ ወይም በጭንቀት የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ እርዳታ የሚጠይቀው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ብቻውን ከታገለ በኋላ ነው። በስንት ጉድ የደረሰበት ሕክምና ለችግሩ የማይሆን ከሆነ የሚባክነው ገንዘቡና ጊዜው ብቻ አይደለም። «ሞክሬው አልሆነም፤ ለእኔ መድኃኒት የለውም» ብሎ ይደመድማል። ለዚያው ችግር በደንብ የተፈተነ ሌላ ሕክምና መኖሩን የነገረው የለም። እኔን ዕረፍት የሚነሳኝ ይሄ ነው።

መመሪያው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ሕክምና ለሚፈልግ ሰው፣ ለምክር አገልግሎት ባለሙያ፣ እንዲሁም በተቋሙ ውስጥ ጥሩ ሕክምና እንዲስፋፋ ለሚፈልግ ኃላፊ ይሆናል። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። በእናንተ ወይም አጠገባችሁ ባለ ሰው ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ይህን አንብቦ ለመጨረስ አትጠብቁ። አሁኑኑ ወደ ቅርብ የጤና ተቋም ሂዱ። ሰውየውንም ብቻውን አትተዉት።

ደረጃ 1፦ ችግሩን በትክክል ለዩት

«ጭንቀት አለብኝ» የሚለው አባባል ብዙ የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል። አንዱ ድንገት ልቡ እየመታ፣ ትንፋሽ እያጠረው «ልሞት ነው» የሚያሰኝ ፍርሃት ይመጣበታል። ሌላው ሰው ፊት መናገር ያቅተዋል። ሌላው ደግሞ በሩን መቆለፉን አሥር ጊዜ ሳያረጋግጥ መሄድ አይችልም። ሌላዋ ከደረሰባት ጥቃት በኋላ ነገሩ በሕልሟም በእውኗም እየተመላለሰ ያስጨንቃታል። አራቱም «ጭንቀት» ይላሉ። በጥናት የተደገፈው ሕክምና ግን ለአራቱም አንድ አይደለም።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እየተመላለሰ የሚያስጨንቅ ሐሳብና እሱን ለማስታገስ ደጋግሞ የሚደረግ ድርጊት ያለበትን ችግር፣ ማለትም ኦሲዲን እንውሰድ። የትንፋሽና የጡንቻ ማዝናኛ ልምምድ ለብዙ ዓይነት ውጥረት ይረዳል። በኦሲዲ ጥናቶች ውስጥ ግን ይኸው ልምምድ ብዙ ጊዜ የሚገባው እንደ ደካማ ማነጻጸሪያ ነው። ዋናው ሕክምናም በግልጽ ይበልጠዋል። ስለዚህ ኦሲዲ ላለበት ሰው ለወራት «በረጅሙ ተንፍስ» ብቻ ማለት ጊዜውን መውሰድ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ። የታይሮይድ ችግር፣ የደም ማነስ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ አልኮልና ሌሎች ሱሶች ድባቴ ወይም ጭንቀት የሚመስል ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። የሌለ ድምፅ መስማት ወይም ከመጠን ያለፈ የደስታና የጉልበት ወቅት ካለ ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪም መታየት ግድ ነው። በእነዚህ ችግሮች የንግግር ሕክምና ደጋፊ ሆኖ በደንብ ይጠቅማል፤ መድኃኒትን ግን አይተካም።

ደረጃ 2፦ «ማስረጃ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ተረዱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እኔን አድኖኛል» የሚል ምስክርነት ልብ ይነካል። ምስክሩም አልዋሸም። ግን ሰው ወደ ሕክምና የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ጫፍ ሲደርስ ነው። ከጫፍ በኋላ ያለ ሕክምናም መለስ ማለት አለ። ጊዜ ራሱ ያሽራል። የሚሰማን ሰው ማግኘትም ያቀላል። ተስፋ ማድረግም እንደዚያው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሕክምናው ድርሻ የቱ እንደሆነ አንድ ሰው በራሱ ታሪክ መለየት አይችልም።

ነገሩ በታሪክም ትልቅ ክርክር አስነስቷል። በ1952 ሃንስ አይዘንክ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከታካሚዎች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ያለ ቴራፒም በሁለት ዓመት ገደማ ይሻላቸዋል፤ ስለዚህ ቴራፒ ለመጥቀሙ ማስረጃ የለም ብሎ ጻፈ። አሃዞቹን የሰበሰበበት መንገድ ብዙ ተተችቷል። ጽሑፉ ያስነሳው ቁጣ ግን ጠቀመ። ባለሙያዎች ሥራቸውን በሥርዓት መፈተን ጀመሩ። በ1977 ሜሪ ስሚዝና ጂን ግላስ 375 ጥናቶችን አንድ ላይ መዝነው፣ ሕክምና ያገኙት ካላገኙት በአማካይ በግልጽ እንደሚሻሉ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው «የትኛው ለየትኛው ችግር?» ወደሚለው አመራ።

አንድን ሕክምና በትክክል ለመፈተን ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሰዎች በዕጣ በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ቡድን ሕክምናውን ያገኛል፤ ሌላው ሌላ ነገር ያገኛል ወይም ይጠብቃል። ዕጣው ወሳኝ ነው። ሰዎቹ ራሳቸው ከመረጡ ተነሳሽነት ያላቸው ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባሉ፤ ውጤቱም ይዛባል። በመጨረሻ የሁለቱም ቡድን ሁኔታ በአንድ ዓይነት መለኪያ ይለካል። ቢቻል ልኬቱን የሚወስደው ሰው ማን በየትኛው ቡድን እንደነበረ ማወቅ የለበትም።

አንድ ጥናት ብቻውን አይበቃም። የሚታመነው በተለያዩ ሰዎች፣ በተለያየ ቦታ ተደግሞ ተመሳሳይ ውጤት ሲሰጥ ነው። ከሁሉ በላይ የሚመዝነው ደግሞ በርዕሱ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች በሙሉ ፈልጎ፣ ጥራታቸውን ፈትሾ፣ አንድ ላይ የሚያሰላ የግምገማ ጥናት ነው።

ደረጃ 3፦ ሌሎች አጣርተው ያዘጋጁትን ተጠቀሙ

ሺህ ጥናት ራሳችሁ ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ይህን ሥራ ብለው የያዙ ተቋማት አሉ።

የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የክሊኒካል ሥነ ልቦና ዘርፍ (12ኛው ክፍል) በ1993 አንድ ግብረ ኃይል አቋቋመ። የመራችው ዳያን ቻምብለስ ነበረች። ሥራው በጥናት የተደገፉ ሕክምናዎችን መለየትና ማስተዋወቅ ነበር። በ1995 የመጀመሪያው ዝርዝር ወጣ። መስፈርቱ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሕክምናው በተለያዩ ተመራማሪዎች በተሠሩ ቢያንስ በሁለት ጥሩ ሙከራዎች ውጤታማ መሆን አለበት፤ በጽሑፍ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ ሊኖረው ይገባል፤ የተፈተነባቸው ሰዎችም በግልጽ መታወቅ አለባቸው። ከዚያ በፊት «ይሄ ተፈትኗል፤ ያ አልተፈተነም» የሚል ግልጽ ዝርዝር ይዞ ለሕዝብ መውጣት የተለመደ አልነበረም። ለእኔ ትልቅ ድፍረት ነው።

ትችትም አልቀረለትም፤ ትችቱም ተገቢ ነበር። ሁለት የተሳኩ ጥናቶች ተቆጥረው አምስት ያልተሳኩት ቢረሱስ? በ2015 ዴቪድ ቶሊንና ባልደረቦቹ አዲስ መስፈርት አቀረቡ። አሁን የሚታየው የጥናቶቹ ድምር ነው፤ የማስረጃው ጥራት፣ የለውጡ መጠን፣ ለውጡ በዕለት ኑሮ ላይ መታየቱ፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላ መቆየቱ ይመዘናል። ይህን ዝርዝር በኢንተርኔት በነጻ ማየት ይቻላል። ስትገቡ በአዲሱ መስፈርት የተመዘነውን በአሮጌው ከተመዘነው ለዩት፤ ሁለቱም እዚያው አሉ።

ከእሱ ሌላ ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች መረብ የሚያወጣቸው ግምገማዎች አሉ። ብዙዎቹ ሙያ ለሌለው አንባቢ የተጻፈ ማጠቃለያ አላቸው። የእንግሊዙ ናይስ የሚባለው ተቋም ለየሕመሙ «መጀመሪያ ይሄን ስጡ፤ ካልሆነ ያንን» የሚል መመሪያ ያወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ያወጣው ኤምኤችጋፕ የተባለው መመሪያ ደግሞ ስፔሻሊስት በሌለበት የሚሠራ የጤና ባለሙያን ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ከአንዱ ብቻ ከመነሳት ሁለቱን ወይም ሦስቱን አነጻጽሩ። ከተስማሙ በልበ ሙሉነት መሄድ ይቻላል። ካልተስማሙ ጉዳዩ ገና ያልለየለት ነው ማለት ነው።

ለመነሻ እንዲሆናችሁ የማስረጃው ዋና ዋና ነገር ይህን ይመስላል። ለድባቴ የሐሳብና የባህሪ ሕክምና፣ ማለትም ሲቢቲ፣ አሮን ቤክ በ1960ዎቹ ካስጀመረው ወዲህ ከሁሉም በላይ የተጠና ነው። ብቸኛው ግን አይደለም። ሰውየውን ወደተወው እንቅስቃሴ ደረጃ በደረጃ የሚመልሰው ቢሄቪየራል አክቲቬሽን፣ ከሰዎች ጋር ባለ ግንኙነት ላይ የሚያተኩረው ኢንተርፐርሰናል ቴራፒ፣ ችግር የመፍታት ሕክምናም ጥሩ ማስረጃ አላቸው። በድባቴ ላይ በእነዚህ መካከል ያለው የውጤት ልዩነት ትንሽ ነው። ስለዚህ በአካባቢያችሁ በደንብ የሠለጠነበት ሰው ያለውን ምረጡ።

በፍርሃት ችግሮች ግን የዘዴው ምርጫ ብዙ ይወስናል። የሁሉም ማዕከል የሚፈሩትን ነገር በዕቅድ፣ ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ ነው። እንደ ሸረሪት ወይም መርፌ ያለ የተወሰነ ነገር ለሚፈራ ሰው እስከ ሦስት ሰዓት የሚወስድ አንድ ረጅም ክፍለ ጊዜ ብቻ ትልቅ ለውጥ እንደሚያመጣ ታይቷል። ለኦሲዲ መጋፈጡ ላይ «ማስታገሻውን ድርጊት አለማድረግ» ይጨመራል። ከከባድ አደጋ ወይም ጥቃት በኋላ ለሚመጣው ፒቲኤስዲ ትውስታውን በጥንቃቄ የሚያስጋፍጡና ከእሱ የመጣውን እምነት የሚመረምሩ ሕክምናዎች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። ትውስታውን እያሰቡ ዓይንን ወዲያና ወዲህ የሚያንቀሳቅሱበት ኢኤምዲአር የሚባለውም ይሠራል። የዓይን እንቅስቃሴው ራሱ ምን ያህል እንደሚጨምር ግን እስካሁን ያከራክራል።

ለከረመ የእንቅልፍ እጦት ለእንቅልፍ የተዘጋጀው ሲቢቲ አለ። በ2016 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ከእንቅልፍ ክኒን በፊት እሱ እንዲሰጥ መክሯል። ይህን የሚያውቀው ሰው ቁጥር ሊሆን ከሚገባው እጅግ ያንሳል። ራስን መጉዳትና የስሜት መናወጥ ለሚደጋገምበት ሰው የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ማርሻ ሊነሃን ያዘጋጀችው ዲቢቲ የተባለ ሕክምና በ1991 ከወጣው የመጀመሪያ ሙከራ ጀምሮ ተፈትኗል። የሕፃናት የባህሪ ችግር ላይ ደግሞ ይበልጥ የሚሠራው ሕፃኑን ብቻ ማነጋገር ሳይሆን ወላጆችን ማሠልጠን ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ ጥናት እጃችሁ ሲገባ

«በጥናት የተረጋገጠ» የሚል ማስታወቂያ ብታዩ ጥናቱን ጠይቁና እነዚህን ፈትሹ።

መጀመሪያ ከምን ጋር ተነጻጸረ? ይህ ጥያቄ ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራል። ወረፋ እንዲጠብቁ ከተነገራቸው ሰዎች ጋር የተነጻጸረ ሕክምና ብዙ ጊዜ ከእውነቱ በላይ ያማረ ይመስላል። የሚጠብቅ ሰው «ተራዬ ይደርሳል» ብሎ ለራሱ የሚያደርገውን ጥረት ሊያቆም ይችላል። የተሻለው ማነጻጸሪያ ተመሳሳይ ጊዜና ትኩረት የሚያገኝ ቡድን ነው። ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ደግሞ ቀድሞ ከሚታወቅ ጥሩ ሕክምና ጋር መወዳደር ነው።

ስንት ሰው ነበር? ስንቱ አቋረጠ? ያቋረጡት በስሌቱ ውስጥ ገብተዋል ወይስ ጸጥ ተብሎ ተትተዋል? ሕክምናው ከብዷቸው የወጡትን ቀንሶ የቀሩትን ብቻ ቢቆጥሩ ማንኛውም ሕክምና ያምራል። ከሕክምናው ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት በኋላስ ተለክተዋል?

ማን አጠናው? ዘዴውን የፈጠረው ሰው ራሱ ሲያጠናው ውጤቱ ከፍ ማለቱ በተደጋጋሚ ታይቷል። ማጭበርበር ላይሆን ይችላል። የሚያምንበትን ሕክምና በጉጉት ይሰጣል፤ ማነጻጸሪያውን ግን ሳይወድ በግድ። ስለዚህ ከፈጣሪው ጋር ዝምድና የሌለው ቡድን ደግሞት እንደሆነ እዩ።

ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ተመዝግቧል? ተመራማሪዎች ምን እንደሚለኩ አስቀድመው በይፋ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ይህ ካልሆነ ከአሥር መለኪያ ውስጥ የቀናውን አንዱን መርጦ ማውጣት ይቻላል። ያልቀናቸው ጥናቶች ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ። በ2015 ኤለን ድሪሰንና ባልደረቦቿ በአሜሪካ መንግሥት የምርምር ገንዘብ የተደገፉ 55 የድባቴ ቴራፒ ጥናቶችን ተከታተሉ። 13ቱ ውጤታቸው አልታተመም። ያልታተሙት ሲጨመሩ የሕክምናው ጥቅም በአንድ አራተኛ ገደማ ቀነሰ። ልብ በሉ፤ አልጠፋም፣ ቀነሰ። ቴራፒ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን መጽሔቶቹን ብቻ ያነበበ ሰው ከሚገምተው ትንሽ ባነሰ መጠን ነው።

ደረጃ 5፦ የማይሠራውንና የሚጎዳውን ለዩ

«ገና አልተጠናም» እና «ተጠንቶ አልሠራም» የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ነገ ጥሩ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛው ላይ ግን ማመንታት አያስፈልግም።

ዋናው ምሳሌ ከአደጋ በኋላ ወዲያው የሚደረገው የአንድ ጊዜ «ዲብሪፊንግ» ነው። ሐሳቡ ለሰሚው ጥሩ ይመስላል፤ ሰውየው የደረሰበትን ሁሉ ወዲያው ይናገር፣ ስሜቱን ያውጣ፣ ይቅለለው። ሲፈተን ግን ፒቲኤስዲን አልተከላከለም። በ1997 በታተመ አንድ ጥናት የቃጠሎ አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ከ13 ወር በኋላ ፒቲኤስዲ የተገኘው ዲብሪፊንግ ካገኙት በ26 በመቶው ላይ ሲሆን፣ ካላገኙት ግን በ9 በመቶው ላይ ነበር። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን አይመክርም። በምትኩ የሚመከረው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ነው፤ ደኅንነታቸውን መጠበቅ፣ የሚያስፈልጋቸውን ማሟላት፣ ከወገኖቻቸው ጋር ማገናኘት፣ መናገር ከፈለጉ መስማት፣ ካልፈለጉ አለመጎትጎት። ዲብሪፊንጉን የሰጡት ሰዎች በጎ አሳቢዎች ነበሩ። በጎ አሳቢነት ግን መለካትን አይተካም።

ሌላው አጥፊ ወጣቶችን ወደ እስር ቤት ወስዶ እስረኞች እንዲያስፈራሯቸው ማድረግ ነው። በዕጣ የተሠሩት ሙከራዎች ሲደመሩ ፕሮግራሙ ወንጀልን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ።

አንድ ሰው «መቶ በመቶ አድናለሁ» ካለ፣ አንዱ ዘዴ ለሁሉም በሽታ ይሆናል ካለ፣ ዘዴውን ለማስረዳት «ምሥጢር ነው» ካለ፣ ካልዳናችሁ ጥፋቱ የእናንተ እምነት ማነስ ነው ካለ፣ ወይም ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት በራሱ ሥልጣን ካስቆመ ተነስታችሁ ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ባለሙያውን ጠይቁት

መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ባለሙያ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ፦

«ችግሬን ምን ብለው ይገልጹታል?»
«ለዚህ ችግር የትኛውን ዘዴ ይጠቀማሉ? ለምን እሱን መረጡት?»
«ሥልጠናውን የት ወሰዱ? አሁንስ ሥራዎን የሚያይልዎት ሱፐርቫይዘር አለ?»
«ስንት ጊዜ እንገናኛለን? መሻሻሌን በምን እናውቃለን? ካልተሻለኝስ ምን እናደርጋለን?»

የሚያረካ መልስ ግልጽ ነው፤ የተወሰነ የክፍለ ጊዜ ብዛት ይጠቅሳል፣ ዕቅድ አለው፣ «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለትም ይችላል። «እንደ ሰዉ ነው፤ ሁሉንም እቀላቅላለሁ» የሚል መልስ ብቻውን አይበቃም። ምን ከምን ጋር፣ ለምን እንደሚቀላቀል ጠይቁ።

አንዳንዴ የሕክምናው ስም አለ፤ ሕክምናው ራሱ የለም። ሲቢቲ እየተባለ በመካከል የሚሠራ የቤት ሥራ ከሌለ፣ ለፍርሃት ሕክምና እየተባለ በወራት ውስጥ አንድም መጋፈጥ ከሌለ፣ የተጠናውን ነገር እያገኛችሁ አይደለም። ይህን ለባለሙያው በአክብሮት መናገር መብታችሁ ነው።

መሻሻልን በስሜት ብቻ አትገምቱ። ለድባቴ ፒኤችኪው 9 የሚባል ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ነጻ ነው፤ በብዙ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል። በአምስት ነጥብ ያህል መውረድ ትርጉም ያለው ለውጥ ተደርጎ ይወሰዳል። ለጭንቀት ጋድ 7 አለ። በየሁለት ሳምንቱ ሞልታችሁ ቀኑን ጻፉበት። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ምንም ለውጥ ካላያችሁ ዝም አትበሉ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ተነጋገሩ።

ደግሞ ግንኙነቱን አትናቁት። ከባለሙያው ጋር መተማመንና በግብ መስማማት ከውጤት ጋር እንደሚያያዝ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። በዘዴውና በግንኙነቱ መካከል ምረጡ የሚላችሁን አትስሙ፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ደረጃ 7፦ ለሌሎች አድርሱት

ማወቅ አንድ ነገር ነው። ጥሩው ሕክምና ለሚያስፈልገው ሰው እንዲደርስ ማድረግ ግን ሌላ፣ ረጅም ሥራ ነው።

ስለ ሕክምናው ለሕዝብ ስትጽፉ ወይም ስትናገሩ እውነተኛውን መጠን ንገሩ። በ2021 ፒም ኮይፐርስና ባልደረቦቹ 228 የድባቴ ጥናቶችን ደምረው ነበር። በሁለት ወር ገደማ ውስጥ የሕመማቸው ምልክት ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸው ቴራፒ ካገኙት 41 በመቶው ነበሩ። የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት ግን 17 በመቶው ብቻ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ለቴራፒ መሟገቻ ይበቃል። ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ዙር ያን ያህል አልተሻላቸውም። ይህን አብራችሁ ንገሩ። አስቀድሞ የተነገረው ሰው የመጀመሪያው ካልሠራ ሁለተኛውን ይሞክራል። «ፈውስ ነው» የተባለው ግን ተስፋ ቆርጦ ይቀራል።

በተቋም ደረጃ ትልቁ ስህተት «ሥልጠና ሰጥተናል» ብሎ ፋይሉን መዝጋት ነው። የሁለት ቀን ወርክሾፕ ዕውቀት ይጨምራል፤ አሠራርን ግን ብዙም አይለውጥም። የሚለውጠው ከሥልጠናው በኋላ የሚመጣው ነው፦ በየሳምንቱ ሱፐርቫይዘር አጠገብ ሆኖ ሥራን መገምገም፣ በታካሚው ፈቃድ የተቀዳ ክፍለ ጊዜን አብሮ መስማት፣ የሚጎድለውን ደግሞ መለማመድ። በጀት ሲያንስ የሠልጣኙን ቁጥር ቀንሱ እንጂ ሱፐርቪዥኑን አትንኩት። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያዘጋጁት ኢኩዊፕ የሚባል ነጻ መድረክ የረዳቶችን ክህሎት መለኪያ መሣሪያዎች አሉት፤ ከዜሮ ለሚጀምር ተቋም ጥሩ ነው።

«ባለሙያ የለንም» የሚለው ምክንያትም ድሮ እንደነበረው አይደለም። በ2003 የታተመ የዩጋንዳ ጥናት በገጠር ኢንተርፐርሰናል ቴራፒን በቡድን ፈተነ። ሕክምናውን የሰጡት አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ ድባቴው ያልለቀቃቸው 6.5 በመቶ ሲሆኑ፣ በማነጻጸሪያው ቡድን 54.7 በመቶ ነበሩ። በ2008 ፓኪስታን ውስጥ ሴት የመንደር ጤና ሠራተኞች ለነፍሰ ጡሮችና ለወለዱ እናቶች በሲቢቲ ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ሰጡ። ከወሊድ ስድስት ወር በኋላ ድባቴ የነበረባቸው 23 በመቶ ነበሩ፤ በሌላው ቡድን 53 በመቶ። በዚምባብዌ ደግሞ የሠለጠኑ አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ችግር የመፍታት ሕክምና ሰጡ። 573 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ በ2016 ሲታተም ውጤቱ በጣም ጥሩ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ፒኤም ፕላስ የተባለ የአምስት ክፍለ ጊዜ ፕሮግራምም በፓኪስታንና በኬንያ በዕጣ ተፈትኗል። መመሪያው በነጻ ይገኛል።

ሁሉም የተሳካላቸው እንዳለ ገልብጠው አይደለም። የዩጋንዳው ቡድን ቀድሞ ሰዎቹ ሕመሙን በራሳቸው አነጋገር እንዴት እንደሚገልጹት ጠየቀ። ምሳሌው፣ ቋንቋው፣ የመገናኛው ቦታ ይቀየር። የማይነካው ሕክምናውን የሚያሠራው ዋናው ክፍል ነው። መጋፈጡ ስለሚከብድ ከፍርሃት ሕክምና ውስጥ መጋፈጡን ካወጣችሁት የቀረው ወሬ ነው።

ውጤቱን ደግሞ ለኩት፤ ግልጽም አድርጉት። እንግሊዝ በ2008 የጀመረችውና በ2023 ኤንኤችኤስ ቶኪንግ ቴራፒስ ተብሎ ስሙ የተቀየረው የመንግሥት የንግግር ሕክምና አገልግሎት በየክፍለ ጊዜው መጠይቅ ያስሞላል፤ የየአካባቢውንም ውጤት ለሕዝብ ያወጣል። ሕክምናውን ከጨረሱት ግማሽ ያህሉ ያገግማሉ። መለኪያው በመጨረሻ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው ስለሚሞላ የሚያቋርጡትም ከመዝገብ አይጠፉም። ቁጥሮቹ ይፋ ስለሆኑ ደካማ ውጤት ያለው ማዕከል ከጥሩው መማር ይችላል።

እናንተ ስትጀምሩ ትንሽ አድርጉት። በተቋማችሁ በብዛት የሚመጣውን አንድ ችግር ምረጡ። ለእሱ ጠንካራ ማስረጃ ያለውን አንድ ሕክምና ያዙ። ጥቂት ፈቃደኛ ባለሙያዎችና አንድ ጥሩ ሱፐርቫይዘር ይኑሯችሁ። መጠይቁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ። ከስድስት ወር በኋላ የተሻላቸውን፣ ያልተሻላቸውን፣ የባሰባቸውንና ያቋረጡትን አራቱንም ለየብቻ ቆጥራችሁ ለባልደረቦቻችሁም ለታካሚዎቻችሁም አሳዩ። ያቋረጡትን ደውላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። አንዱ ሰዓቱ አልተመቸው ይሆናል፤ ሌላዋ የቤት ሥራው አልገባት ይሆናል። ሁለቱም በሚቀጥለው ሳምንት የሚስተካከሉ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ደረጃ 3 ላይ ወዳነሳናቸው ዝርዝሮች ተመለሱ፤ የምትሰጡት ሕክምና ማስረጃው ጠንክሮ ወይም ደክሞ እንደሆነ አይታችሁ መመሪያችሁን አድሱ።